«ልጅነቴን መለሰልኝ» ይላሉ፤ የማንን ልጅነት?

ጥያቄ፦ «ሰላም። ወንድሜ ከአሜሪካ ስዊች የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻ ልኮልኝ ነበር፣ ከነኦክቶፓዝ ትራቨለሩ። ስለዚህ ጌም የማነበው ሁሉ ‹እንዲህ ዓይነት ጌም ድሮ ቀረ፣ ልጅነቴን መለሰልኝ› የሚል ነው። እኔ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ተጫወትኩት። ስምንቱንም ሰዎች ሰብስቤያለሁ። ምስሉ ደስ ይላል፣ ውጊያውም አሪፍ ነው። ታሪኩ ግን አልያዝ አለኝ። ሰዎቹ አብረው ይሄዳሉ እንጂ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ችግሩ የኔ ነው የጌሙ? ልጅ ሆኜ እንዲህ ዓይነት ጌም ስላልተጫወትኩ ይሆን? ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

መልስ፦

አይዞህ፣ ምንም አልጎደለህም። ያነሳኸው ቅሬታ ጌሙ ጁላይ 13 ቀን 2018 ከወጣ ጀምሮ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንዱ ወገን ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘሁት ጌም ብሎ አበደለት። ሌላው ወገን ልክ እንዳንተ፣ ስምንት ሰው አንድ መንገድ ላይ እየሄደ እንዴት አንዱ ለሌላው እንግዳ ይሆናል አለ። ሲከራከሩ ብትሰማቸው ስለ ሁለት የተለያዩ ጌሞች የሚያወሩ ይመስልሃል። እኔ የጌም ውጊያ መንደፍ ሥራዬ ስለሆነ አድልዎዬን ከወዲሁ ልንገርህ፤ ጌሙን ከሚወዱት ወገን ነኝ። ቅሬታህ ግን ልክ ነው።

ሰሪዎቹን እናስቀድም። ስኩዌር ኢኒክስ በሚባለው የጃፓን ጌም ድርጅት ውስጥ በቶሞያ አሳኖ የሚመራ ቡድን አለ። በ2012 ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ብሬቭሊ ዲፎልት የሚባል በድሮው መንገድ የተሠራ አርፒጂ (ባለታሪኮችን እያሳደግህ ታሪካቸውን የምትከተልበት ዓይነት ጌም) አወጡ። ከጃፓን ውጪም ሰው ወደደው። ኦክቶፓዝን አሳኖና ማሳሺ ታካሃሺ ፕሮዲዩስ አደረጉት፤ አኳየር የሚባለው ስቱዲዮ አብሮ ሠራው። በሴፕቴምበር 2017፣ ጌሙ ገና ሳያልቅ፣ ነፃ ዴሞ (የመሞከሪያ ቅንጭብ) ለቀቁ። በውስጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀድሞው ወታደር ኦልበሪክና ዳንሰኛዋ ፕሪምሮዝ። ከዚያ ለተጫወተው ሰው መጠይቅ ላኩ። ወደ 45,000 የሚጠጋ መልስ ጎረፈላቸው። ዛሬ አንተ እንደዋዛ የምትጠቀምባቸው እንደ መሮጥና ትዕይንት መዝለል ያሉ ነገሮች ከዚያ መልስ የመጡ ናቸው። ስትሮጥ ጭራቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚገጥምህ ልብ ብለህ ይሆናል፤ ጃፓኖች ነፃ ነገር አይሰጡም።

ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ጌሙ ያለበት ካርትሪጅ ከመደርደሪያ አልቆ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። በሦስት ሳምንት ገደማ በዓለም ዙሪያ 1 ሚሊዮን ደረሰ። ለእንዲህ ዓይነት ጌም፣ ያውም ስሙን ማንም ለማያውቀው አዲስ ጌም፣ ይህ ብዙ ነው።

ናፍቆት ብቻውን ይሸጣል ብለህ እንዳታስብ ግን። እዚያው ስኩዌር ኢኒክስ ሥር ቶኪዮ አርፒጂ ፋክተሪ የሚባል ስቱዲዮ የተቋቋመው የድሮውን አርፒጂ ለመመለስ ነበር። በ2016 አይ አም ሴትሱናን አወጡ። ውጊያው ከ1995ቱ ክሮኖ ትሪገር የተቀዳ፣ አገሩ ሁሉ በረዶ፣ ሙዚቃው ፒያኖ። ደስ የሚል ሐዘን ያለበት ጌም ነው። ሰው ግን «ጥሩ ነው» ብሎ አለፈው። ተከታዮቹም ከዚያ የተሻለ አልሆነላቸውም፤ በ2024 ስቱዲዮው ራሱ ወደ እናት ድርጅቱ ተጠቃሎ ቀረ። ሴትሱና የድሮውን ነገር እንዳለ አምጥቶ አስቀመጠው። ኦክቶፓዝ ሁለት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሠራ፤ ዓይን ላይና ውጊያ ላይ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ያልጠበቀውን ድሮ መረጠ። ያንተ ችግር እዚያ ሦስተኛው ላይ ነው።

ስለ ዓይኑ ብዙ አልልም፣ አንተም ወደኸዋል። ሰዎቹ ነጠላ ወረቀት የሚመስሉ ባለፒክስል ምስሎች ናቸው፤ የቆሙበት ዓለም ግን ባለ ሦስት አቅጣጫ ነው፣ አንሪል ኤንጂን 4 በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ። የፋኖሱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይወድቃል፣ ውኃው ያብረቀርቃል፣ ራቅ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ኤችዲ-2ዲ ብለው ስም አወጡለት። ብዙ ሰው «ልክ እንደ ድሮው» ይላል። የለም፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሱፐር ፋሚኮም፣ ያ የድሮው የኒንቴንዶ መጫወቻ፣ እንዲህ ያለ ብርሃን በሕልሙም አያውቅ። ጥግ ጥጉ በዛ ጨለመብን፣ ብዥታው ዓይን ያደክማል ያሉም ነበሩ፤ ከነሱ ጋር እስማማለሁ፣ በተለይ ዋሻ ውስጥ። ያም ሆኖ ዘዴው ሥር ሰደደ። ትራያንግል ስትራተጂና የላይቭ አ ላይቭ ዳግም ሥራ በ2022፣ የድራጎን ክዌስት 3 ዳግም ሥራ በ2024፣ ሁሉም በዚሁ መልክ መጡ።

ውጊያው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። እዚህ ነው ወዳጆቹ የሚያብዱት።

አንድ ጠላት ፊትህ ቆሟል እንበል። ከሥሩ ትንሽ ጋሻ አለች፤ በውስጧ 4 የሚል ቁጥር። ከጎኗ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሳጥኖቹ ድክመቶቹ ናቸው፤ ከስድስት ዓይነት መሣሪያና ከስድስት ዓይነት አስማት የትኞቹ እንደሚያደሙት ገና አታውቅም። በጎራዴ መታህ፣ ምንም። በጦር መታህ፣ አንዱ ሳጥን ተከፈተ፣ ጋሻዋ ወደ 3 ወረደች። ዜሮ ስትደርስ ጠላቱ ይሰበራል፤ ያለውን ተራና የሚቀጥለውን ያጣል፣ የምትመታውም እጅግ ይበዛበታል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጨዋታው የሚመጣው ቢፒ ከሚባለው ነጥብ ነው። በየተራው አንድ ነጥብ ታገኛለህ፣ እስከ አምስት ታከማቻለህ፣ በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ትጠቀማለህ። ሦስቱን ተራ ምት ላይ ብታፈሳቸው በአንድ ተራ አራት ጊዜ ትመታለህ። ባለ አራት ጋሻው ጠላት በአንድ ሰው እጅ ተሰበረ ማለት ነው። ግን ነጥብህ አለቀ፤ በሚቀጥለው ተራ ደግሞ አዲስ አይጨመርልህም። ጠላቱ ወድቆ ሲጠብቅህ ባዶ እጅህን ነህ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ፤ ነጥቡን ለመስበር ላውለው ወይስ ከተሰበረ በኋላ ለመውቃት ላስቀምጠው? ከስምንቱ አራቱን ይዘህ ስለምትዋጋ ጥያቄው በአራት ይባዛል። ከላይ ደግሞ የተራው ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይታይሃል፤ ቦሱ (የምዕራፉ ትልቁ ጠላት) ከባዱን ምት ሊሰነዝር ሲል ከመድረሱ በፊት ትሰብረዋለህ ወይስ ትከላከላለህ?

ለእኔ ይህ ተራ በተራ ከሚመታባቸው ውጊያዎች ካየኋቸው ሁሉ እጅግ ንጹሑ ነው። የድሮዎቹ ላይ «ምታ፣ ምታ፣ አድን፣ ምታ» ብለህ ታልፍ ነበር። እዚህ ተራ ጭራቅ እንኳ ትንሽ እንቆቅልሽ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ እንቆቅልሹን አንዴ ከፈታኸው በኋላ ያው ጭራቅ ደጋግሞ ሲመጣብህ መልሱን የምታውቀውን ፈተና መልሰህ እንደመቀመጥ ነው።

ሙዚቃው የያሱኖሪ ኒሺኪ ነው። አንድ ነገር ብቻ አዳምጥ። ቦስ ከመግጠምህ በፊት ባለታሪኩ ሲናገር የራሱ ዜማ ይጀምራል፤ ንግግሩ አልቆ ውጊያው ሲከፈት ያ ዜማ ሳይቋረጥ ወደ ውጊያው ሙዚቃ ይገባል። ስምንት ሰው ስላለ ስምንት ዓይነት መግቢያ አለ። ትዕይንቱን እየዘለልክ ከሆነ ይህን አጥተኸዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ስምንት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አራት ምዕራፍ፤ 32 ምዕራፍ። ልብ ካልክ አብዛኛው ምዕራፍ አንድ ቅርጽ አለው። ከተማ ትገባለህ፣ ትዕይንት ታያለህ፣ የባለታሪኩን ልዩ ችሎታ ትጠቀማለህ፣ ዋሻ ወይም ቤት ትገባለህ፣ ቦስ ትገድላለህ። ይህንን 32 ጊዜ። አንተ አሥራ አምስት ሰዓት ላይ የደከምከው ስምንቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች በተከታታይ ስለጨረስክ ይመስለኛል። ያ የጌሙ ደካማው ክፍል ነው። ስምንት መግቢያ አንብበህ አንድም ሁለተኛ ምዕራፍ አላየህም።

ታሪኮቹ ለየብቻ ሲታዩ መጥፎ አይደሉም። ፕሪምሮዝ የአባቷን ገዳዮች እያሳደደች ጭፈራ ቤት የምትሠራ የመኳንንት ልጅ ናት፤ ታሪኳ ጨለማ ነው፣ አይራራልህም። አልፊን ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ የዋህ፣ የማንንም ሕመም አይቶ የማያልፍ። ሦስተኛው ምዕራፉ ላይ አንድ የቆሰለ ሰው ያገኛል። ሌላ ልምድ ያለው መድኃኒተኛ «ይህን ሰው አላክምም» ይላል፤ ሰውዬው ነፍሰ ገዳይ ነው። አልፊን አይሰማም፣ ያክመዋል። የዳነው ሰው ተነስቶ ሕፃን ልጅ ላይ እጁን ያነሳል። አልፊን ያዳነውን ሰው በገዛ እጁ መግደል ግድ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ «እኔ ምን ዓይነት ሐኪም ነኝ?» እያለ ይብሰለሰላል።

ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ቡድንህ ውስጥ ማን ማን አለ? ምናልባት ኦፊሊያ፣ ሕይወቷን ለእምነት የሰጠች አገልጋይ። ምናልባት ኦልበሪክ፣ በቅርብ ጓደኛው የተከዳና ንጉሡን ያጣ ወታደር። ስለ ምሕረትና ስለ በቀል ከነዚህ ሁለት ሰዎች በላይ የሚናገር ማን አለ? ትዕይንቱ ላይ ግን የሉም። አልፊን ብቻውን ይቆማል፣ ብቻውን ያዝናል። ውጊያው ሲጀምር አራቱም ከመሬት እንደወጡ ብቅ ይላሉ፤ ሲያልቅ ተመልሰው ይጠፋሉ።

የሚያወሩበት ቦታ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። አንዳንዴ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች፣ ቁልፍ ስትጫን ሁለት ሰዎች ጥቂት ይነጋገራሉ። አንዳንዶቹ በጣም ያስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ከዋናው ታሪክ ይሻላሉ። ግን ምልክቷን ካላየሃት አመለጠችህ። አንተም ከነጭራሹ እንዳላየሃት እጠረጥራለሁ።

ሰሪዎቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው? አይመስለኝም። «ልጅነቴን መለሰልኝ» የሚለውን ነገር ማየት ያለብን እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያለው ተጫዋች «የድሮ የጃፓን አርፒጂ» ሲል በአእምሮው ያለው የ1994ቱ ፋይናል ፋንታሲ 6 ወይም ክሮኖ ትሪገር ነው። ፋይናል ፋንታሲ 6 ውስጥ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ሁሉም በአንድ ትልቅ ታሪክ ውስጥ ይጋጫሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይለቃቀሳሉ። ባለፒክስል ስምንት ሰዎች ፖስተር ላይ ሲያይ የጠበቀው ያንን ነው።

ጃፓን ውስጥ ግን ሌላ መስመር ነበር። በ1992 እዚያው ስኩዌር በአኪቶሺ ካዋዙ መሪነት ሮማንሲንግ ሳጋን አወጣ። ስምንት ባለታሪክ፣ አንዱን መርጠህ ትጀምራለህ፣ ከዚያ ዓለሙ ክፍት ነው፣ እንደፈለግህ ሂድ። ቡድንህ ውስጥ የምትጨምራቸው ሰዎች የራሳቸው ሕይወት አላቸው፣ አንተ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙም አያወሩም። በ1994 ደግሞ ላይቭ አ ላይቭ መጣ፤ በተለያየ ዘመን የሚኖሩ ሰዎች ለየብቻ የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚገናኙ። ሁለቱም በዘመናቸው ከጃፓን ውጪ አልተሸጡም። ሮማንሲንግ ሳጋ አሜሪካ የገባው በ2005 በፕሌይስቴሽን 2 ዳግም ሥራው ነው፤ ላይቭ አ ላይቭ ደግሞ 2022 ድረስ ጠበቀ።

አሁን ኦክቶፓዝን ተመልከተው። ስምንት ሰው፣ አንዱን መርጠህ ጀምር፣ እንደፈለግህ ዙር፣ ለየብቻ የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች። መልኩ የፋይናል ፋንታሲ 6 ነው፣ አጥንቱ ግን የሳጋ ነው። ጃፓን ውስጥ ያደገ ሰው ሲያየው «አሃ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ይላል። ኦሃዮ ወይም ሊዮን ያደገው «ቀሪው ታሪክ የት ሄደ?» ይላል። ሁለቱም ናፍቆት ነው፤ የተናፈቀው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ወዳጆቹ ታዲያ ቅሬታ ያለውን ሁሉ «ሳጋን ስለማታውቅ ነው» ብለው ያሳፍሩታል። እዚህ ላይ እለያቸዋለሁ። ሳጋ ውስጥ አገሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ስትዋጋ ጊዜው ይሄዳል፣ አንድ ጉዳይ ሳትደርስበት ይዘጋል። ስለዚህ ሰዎቹ ባያወሩም ዓለሙ ያወራሃል። ኦክቶፓዝ ውስጥ ግን ሁሉም ከተማ አንተን ቆሞ ይጠብቅሃል። ሌላው ርዝመቱ ነው። ክሮኖ ትሪገር ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ኦክቶፓዝ ስምንቱንም ታሪክ ልጨርስ ካልክ ስልሳ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። የድሮ ጌሞች ካርትሪጃቸው ጠባብ ስለነበረ ትርፍ ነገር አይሸከሙም ነበር። ያን ቁጥብነት ማንም የናፈቀው አይመስልም፤ እኔ ግን ከፒክስሉ በላይ እሱን ነው የምናፍቀው።

የሌቭሉ፣ የሰዎችህ የብርታት ደረጃ፣ ነገር ደግሞ አለ። ከአራቱ ውጪ ያሉት ሰዎች ሳይዋጉ ሌቭላቸው አይጨምርም። መጠጥ ቤት ቁጭ ይላሉ። አራተኛ ምዕራፎቹ ሌቭል 45 ይጠይቁሃል። አራት ሰው አሳድገህ የሌሎቹን አራት ታሪክ ልየው ስትል ገና ሕፃን ናቸው፤ ተመልሰህ ማሳደግ ነው። መጀመሪያ የመረጥከውን ሰው ደግሞ ታሪኩን ሳትጨርስ ከቡድኑ ማውጣት አትችልም። ለዚህ ምንም ጥሩ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ከዚህ በታች ያለው አንድ አንቀጽ መጨረሻውን ትንሽ ያበላሻል፤ ካልፈለግህ ዝለለው። የስምንቱ ታሪክ የሚገናኝበት ቦታ አለ። በየታሪኩ የምታያቸው ክፉዎችና የጠፉ ሰዎች ከጀርባ በአንድ ክር ተያይዘዋል። ክሩን የምታገኘው ግን ስምንቱንም ጨርሰህ፣ ማንም የማያስገድድህን የጎን ሥራዎች ሠርተህ፣ ከአንድ በር በስተጀርባ ነው። እዚያ ስምንት ቦሶችን በተከታታይ ትገጥማለህ፤ ከዚያ ስምንቱንም ሰዎችህን አሰልፈህ የመጨረሻውን። በመሃል ሴቭ ማድረግ የለም። ከተሸነፍክ እንደገና ከአንድ። ተጫዋቾች «ለምን አልተገናኙም?» ብለው ሲጮሁበት የነበረው ነገር ጌሙ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ አብዛኛው ሰው በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ። በዲዛይን ዓይን ካየኸው ይህ የጌሙ ትልቁ ጥፋት ነው። ውጊያውን የሚወድ ተጫዋች በዚያ በር ደስ ይለዋል፤ ታሪኩን የሚፈልገው ሰው ግን ከመድረሱ ከብዙ ሰዓት በፊት ጥሎ ሄዷል።

«ልጅ ሆኜ ስላልተጫወትኩ ይሆን?» ላልከው። እኛ አገር ጌም የተለመደው ጌም ቤት ነው። የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ከጀርባህ ወረፋ የያዘ ሰው ቆሟል። የኳስ ጨዋታ አንድ ግጥሚያ ያልቃል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ፣ እንግሊዝኛ ንባብ የበዛበት፣ ሴቭ እያደረጉ ለወራት የሚመላለሱበት ጌም እዚያ ማን ይከፍታል? የጃፓን አርፒጂ ያልደረሰን ስለማይስበን አልነበረም፤ በግጥሚያ ከሚከፈልበት ቤት ጋር ስለማይሄድ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ብዙዎቻችን ያ ትዝታ የለንም። ግን ይህ አልጎዳህም። «ምስሉ ደስ ይላል፣ ውጊያው አሪፍ ነው፣ ሰዎቹ አይተዋወቁም» ብለህ በአንድ መስመር የጻፍከው ሙያተኛ ገምጋሚዎች በረጅሙ ከጻፉት ጋር አንድ ነው። ትዝታ ያለው ሰው የጎደለውን ንግግር ከራሱ ልጅነት እየሞላ ይጫወታል። አንተ የምትሞላበት ስለሌለህ ክፍተቱ ወዲያው ታየህ።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር በኦክቶፓዝ ብቻ አልቀረም። የካናዳው ሳቦታዥ ስቱዲዮ በ2023 ያወጣው ሲ ኦፍ ስታርስም በምስሉና በውጊያው ተወደደ፤ ዘ ጌም አዋርድስ በሚባለው ዓመታዊ የጌም ሽልማትም ምርጥ ኢንዲ (በትልቅ ድርጅት ሥር ያልሆነ ስቱዲዮ የሠራው) ጌም ተባለ። በጽሑፉና በሰዎቹ ግን ያው ዓይነት ወቀሳ ደረሰበት። መልክንና ሙዚቃን ከድሮ መውሰድ ይቻላል። የሰዎቹን ንግግር ግን ተቀምጠህ መጻፍ አለብህ።

የኦክቶፓዝ ሰሪዎች ይህን የሰሙ ይመስላል። ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 2023 ሲወጣ ሁለት ሁለት ሰዎችን የሚያገናኙ የራሳቸው ምዕራፎች ነበሩት፤ መጨረሻውም ስምንቱን በአንድ ታሪክ ይሰበስባል፣ ከተደበቀ በር በስተጀርባ ሳይሆን በዋናው መንገድ ላይ። ቀንና ሌሊት በአንድ ቁልፍ ይቀያየራል፣ የሰዎቹም ችሎታ አብሮ ይለወጣል። ቅሬታው ሁሉ አልጠፋም፤ የምዕራፎቹ ቅርጽ ግን በጣም ተለያይቷል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጫወት ብባል ሳልወላውል ሁለተኛውን ነው።

እና ልቀጥል ወይስ ልተወው? እንደኔ እንደኔ ጥቂት ሰዓት ስጠው፣ ግን አጨዋወትህን ቀይር። ስምንቱን እኩል ላሳድግ አትበል። የወደድካቸውን አራት ምረጥ፣ የነሱን ታሪክ ብቻ ተከተል። ካላወቅክባቸው ፕሪምሮዝንና አልፊንን አስገባ፤ ጥሩዎቹ ታሪኮች የነሱ ናቸው። ምሁሩን ሳይረስን ጨምር፤ ውጊያ ሲጀምር የጠላቱን አንድ ድክመት በነፃ ይገልጥልሃል፣ ከሙያውም የሚገኝ የጭራቅ ግጥሚያ የሚቀንስ ችሎታ አለ። መንገድ ላይ በየሦስት እርምጃው መዋጋት ካሰለቸህ ያን ችሎታ አስታጥቀው። አራተኛው ሌባው ቴሪዮን ይሁን፤ ከከተማ ሰዎች የሚሰርቀው መሣሪያ ሱቅ ከምትገዛው ይሻላል። ከመስረቅህ በፊት ግን ሴቭ አድርግ፤ ደጋግሞ ከተያዘ ከተማው ስምህን ያጠፋና መጠጥ ቤቱ ሄደህ ከፍለህ ነው የምታስተካክለው። ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች ወጣ ስትል መንገድ ዳር የሚገኙ መቅደሶች አሉ፤ እነሱን ፈልግ። ለአንድ ሰው ሁለተኛ ሙያ የምትሰጠው እዚያ ነው፣ ውጊያውም በእውነት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ደግሞ አትለፋት።

ሁለተኛ ምዕራፎችን ጨርሰህ፣ ሁለተኛ ሙያ ይዘህ፣ አሁንም ቦስ ስትገጥም ካልጓጓህ በቃ ተወው፣ ሽጠው። እስከዚያ ያልያዘህ ሌላ አርባ ሰዓት ቢጨመር አይይዝህም። ውጊያው ከያዘህና ታሪኩ ብቻ ከከበደህ ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው እለፍ። አገሩ ሌላ ነው፣ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው፣ የመጀመሪያውን መጨረስ አይጠበቅብህም። ዴሞም ስላለው ብር ከማውጣትህ በፊት እሱን ሞክር፤ የተጫወትከው ሴቭ ወደ ሙሉው ይሸጋገርልሃል።